ደመወዙ ስንት ነው ከማለታችን በፊት ኪሳራው የማን ነው እንበል



ሰሞኑን በየዶርሙ አንድ ክርክር በርትቷል። «ትሬደር መሆን የፈለገ ሰው የት ቢገባ ይሻለዋል? ኢንቨስትመንት ባንክ ወይስ ፕሮፕ ፈርም?» የሚል ነው። ክርክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቆ ወጋገን ባንክን የመጀመሪያ ተመዝጋቢው አድርጓል። በዚያው ዓመት ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ አግኝተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ «ትንሽ ክፍያ ክፈል፣ ፈተናውን እለፍ፣ በእኛ ገንዘብ ነግድ፣ ከትርፉ 80 በመቶው ያንተ ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎች ስልካችንን ሞልተውታል። እነዚህም ራሳቸውን ፕሮፕ ፈርም ብለው ነው የሚጠሩት።

ክርክሩን በጥሞና ከሰማችሁት ሁሉም ሰው የሚያወዳድረው ክፍያን ብቻ ነው። የእኔ ሐሳብ ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መሆን አለበት የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ገንዘቡ የማን ነው? ቢጠፋስ የሚከስረው ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህን የመለሰ ሰው የክፍያውን ልዩነት ራሱ ይደርስበታል፤ ከዚያም አልፎ የትኛው ሥራ ለሙስሊም እንደሚቀርብ፣ የትኛው እንደሚርቅ ማየት ይጀምራል።

ከምናውቀው ገበያ እንነሳ። እኔ ያደግሁት አማኑኤል ነው። እዚያም ሆነ ቢቸና ወይም ሞጣ ጤፍ የሚነግድ ሰው በራሱ ገንዘብ ከገበሬው ይገዛል፣ መጋዘን ያስገባል፣ ዋጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ በመኪና ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይልካል። እህል በረንዳ ላይ ደግሞ ደላላ አለ። ደላላው ጤፉን አልገዛም፤ ለባለ ጤፉ ገዢ አገናኝቶ በየኩንታሉ የድለላውን ይወስዳል። ዋጋ ቢወድቅ የሚከስረው የአማኑኤሉ ነጋዴ ነው፤ ደላላው ግን ያው ድለላው አለለት። ዋጋ በእጥፍ ቢወጣም ትርፉ የነጋዴው ነው፤ የደላላው ድርሻ ብዙም አይለወጥም። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። ልዩነታቸው ኪሳራው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ይህን ልዩነት አገራችን በዘመናዊ መልክም ታውቀዋለች። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሲከፈት አባላቱን በሁለት ከፍሏል፤ በራሳቸው ስም ለራሳቸው ብቻ የሚገበያዩና ለደንበኞቻቸው ጭምር የሚገበያዩ አገናኝ አባላት። የምርት ገበያው የመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚ ዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን ለዶክትሬታቸው ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያና ደላሎቹን ነበር። የእህል በረንዳ አሠራር ተራ ነገር አይደለም ለማለት ነው ይህን ማንሳቴ።

አሁን ወደ ኒውዮርክና ለንደን እንሂድ። ፕሮፕ ፈርም ማለት በትክክለኛው ትርጉሙ የአማኑኤሉ ነጋዴ ማለት ነው። ደንበኛ የለውም፤ የባለቤቶቹን ገንዘብ ይነግዳል፤ ትርፉም ኪሳራውም የቤቱ ነው። ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ያለ ትሬደር ደግሞ በአመዛኙ ደንበኞችን ያገለግላል፤ መሸጥ ለሚፈልግ ይገዛል፣ መግዛት ለሚፈልግ ይሸጣል፣ በመካከል ያለውን ልዩነት ለባንኩ ያስገባል። ቀድሞ ትላልቅ ባንኮች በራሳቸው ገንዘብም በሰፊው ይነግዱ ነበር። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ) የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ግን አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ ውስጥ በቀድሞው የማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር በፖል ቮልከር ስም የሚጠራ ድንጋጌ አስገብታ የሕዝብ ተቀማጭ የያዙ ባንኮችን ከዚህ ከልክላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባንኩ ሲያተርፍ ጉርሻው የትሬደሩ፣ ሲከስር ግን ዕዳው የአስቀማጩና የግብር ከፋዩ እየሆነ ነበር። በ1995 (እ.ኤ.አ) ኒክ ሊሰን የሚባል አንድ ትሬደር ሲንጋፖር ተቀምጦ 827 ሚሊዮን ፓውንድ አክስሮ ከ200 ዓመት በላይ የኖረውን ቤሪንግስ ባንክን አፍርሶታል። ባንኩ በመጨረሻ የተሸጠው በአንድ ፓውንድ ነበር።

ክፍያውም ይህንኑ ተከትሎ ይሄዳል። ጎልድማን ሳክስ በ2021 (እ.ኤ.አ) የጀማሪ ባለሙያዎቹን መነሻ ደመወዝ በዓመት ወደ 110,000 ዶላር አሳድጓል። ጄን ስትሪት የተባለው ታዋቂ ፕሮፕ ፈርም ደግሞ በቅርብ ዓመታት ባወጣቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ለጀማሪ ትሬደር 300,000 ዶላር መነሻ ደመወዝ ጽፏል፤ ጉርሻው ሳይቆጠር። ይህ ቤት በ2024 ከንግድ ያገኘው ገቢ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ሠራተኞቹ 3,000 ገደማ ናቸው። ጥቂት ሰው፣ የራስ ገንዘብ፣ የራስ ኪሳራ፤ ስለዚህም ለአንድ ሰው የሚደርሰው ብዙ ነው። ግን ጎኑንም እንይ። ፕሮፕ ፈርም ያላተረፈን ሰው አይታገስም፤ የለቀቀም ሰው በውሉ መሠረት ለወራት፣ አንዳንዴም ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ለተፎካካሪ እንዳይሠራ ሊታገድ ይችላል። ባንክ ውስጥ ደመወዙ ዝቅ ቢልም የዕድገት መሰላል አለ፣ ደንበኛ ማወቅ አለ፣ ወደ ሌላ ክፍል መዛወር አለ። ጉርሻው ግን በአለቆች ውሳኔ የሚታደል ነው፤ ከፊሉም ለዓመታት ተይዞ በአክሲዮን ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ለመድረሳ ልጅ አዲስ ትምህርት አይደለም። በኢማም ማሊክ ሙወጧእ የተዘገበውን የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) ልጆች ታሪክ ብዙዎቻችን በደርስ ሰምተነዋል። ዐብዱሏህና ዑበይዱሏህ ከዒራቅ ዘመቻ ሲመለሱ የበስራው አስተዳዳሪ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ወደ መዲና የሚላከውን የሕዝብ ገንዘብ በብድር ሰጣቸው። ዕቃ ገዝተው መዲና ላይ ሸጠው አተረፉ። ዑመር ግን ይህ ዕድል ለሌላው ሠራዊት እንዳልተሰጠ ሲያውቁ ዋናውንም ትርፉንም መልሱ አሉ። ዑበይዱሏህ ገንዘቡ ቢጠፋ ተጠያቂዎቹ እኛ ነበርን ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ በቦታው የነበረ አንድ ሰው ቂራድ፣ ማለትም ሙዷረባ፣ ቢደረግ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ዑመርም ዋናውንና የትርፉን ግማሽ ለበይተል ማል ወስደው ቀሪውን ግማሽ ለልጆቹ ተዉላቸው።

ልብ በሉ፤ የተከራከሩት «ስንት ተገኘ?» ብለው አልነበረም። ገንዘቡ የማን ነበር፣ በምን መንገድ ተገኘ፣ ቢጠፋ ማን ይከፍል ነበር፤ ክርክሩ ይህ ነበር። በሙዷረባ ሕግ ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ጉልበቱንና ዕውቀቱን ያዋጣሉ። ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ሠራተኛው እስካላጠፋና ውሉን እስካልጣሰ ድረስ የገንዘቡ ኪሳራ የባለ ገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው የሚያጣው ልፋቱን ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የኸዲጃን (ረ.ዐ) ዕቃ ይዘው ወደ ሻም የሄዱበት ንግድ ከዚሁ ዓይነት ነበር። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የባንኩ ትሬደር ወደ ቅጥረኛ ይጠጋል፤ የእውነተኛው ፕሮፕ ፈርም ትሬደር ደግሞ ደመወዝ ቢኖረውም ወደ ሙዷሪብ ይጠጋል። በሁለቱም ግን አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ቤቱ ለሠራተኛው ይከፍላል እንጂ ሠራተኛው ለቤቱ አይከፍልም።

እንግዲህ ስልካችን ላይ ያሉትን «ፕሮፕ ፈርሞች» በዚህ ሚዛን እናስቀምጣቸው። መጀመሪያ የሚከፍለው ማን ነው? ተማሪው። ቢወድቅ የሚከስረው ማን ነው? ተማሪው። የሚነገድበት ገንዘብ የማን ነው? የብዙዎቹን ውል በትዕግሥት ያነበበ ሰው ፈተናውን ካለፈም በኋላ አካውንቱ የልምምድ፣ ማለትም ዴሞ፣ መሆኑን ተጽፎ ያገኘዋል። ታዲያ ያለፈው ሰው ክፍያ ከየት ይመጣል? ገበያ ላይ የተገዛና የተሸጠ ነገር ከሌለ፣ ከወደቁት ሰዎች ክፍያ ውጭ ምን ምንጭ ይኖረዋል?

የገንዘቡን ስፋት ለመገመት አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ልጥቀስ። የአሜሪካ የሸቀጥ ፊውቸርስ ንግድ ኮሚሽን በ2023 (እ.ኤ.አ) ማይ ፎሬክስ ፈንድስ በተባለው ንግድ ላይ ባቀረበው ክስ ከ135,000 በላይ ከሆኑ ደንበኞች ቢያንስ 310 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተሰብስቧል ብሎ ነበር። ፍትሕ ለሁሉም ነውና ይህንም ልጨምር፤ ኮሚሽኑ በክሱ ሂደት ራሱ በፈጸመው ጥፋት ምክንያት ክሱ በ2025 ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ ድርጅቱ አጭበርብሯል ለማለት አይደለም። የክፍያ መሰብሰቡ ሥራ ራሱን የቻለ ትልቅ ንግድ መሆኑን ግን ቁጥሩ ያሳያል።

መሐንዲሶች ነንና እናስላው። በሰፊው የተለመደው ሕግ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 10 በመቶ አትርፍ፣ በሁለተኛው 5 በመቶ አትርፍ፣ በሁለቱም 10 በመቶ ከከሰርክ ትወድቃለህ። አሁን ምንም ዕውቀት የሌለው፣ ሳንቲም እየወረወረ በትንሽ በትንሹ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው እናስብ። በፕሮባቢሊቲ ኮርስ የተማርነው የቁማርተኛው ኪሳራ ስሌት እንደሚነግረን፣ ይህ ሰው የመጀመሪያውን ዙር የማለፍ ዕድሉ 10 ለ(10+10)፣ ማለትም 1/2 ነው። ሁለተኛውን የማለፍ ዕድሉ 10 ለ(10+5)፣ ማለትም 2/3 ነው። ሲባዛ 1/3 ይሆናል። የግብይት ወጪውና የዕለት ኪሳራ ገደቡ ከዚህ በታች ያወርደዋል እንጂ ባዶ አያደርገውም። ትርጉሙ ምንድን ነው? ዶርም ውስጥ «አለፍኩ» የሚል ልጅ ማለፉ ብቻውን ችሎታውን አያረጋግጥም። የወደቀውም «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ ደግሞ የሚከፍለው ያው ሳንቲም በሚቀጥለው ዙር ይሳካልኛል ብሎ ነው። ስሌቱ የቁማርተኛ ስም የያዘው በከንቱ አይደለም።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አውቀዋለሁ፤ በቅንነትም ልመልሰው። አንደኛው «ይህ የፈተና ክፍያ ነው፤ ለቶፍል አንከፍልም ወይ?» የሚል ነው። እንከፍላለን። ቶፍል ግን የወደቁትን ሰዎች ገንዘብ ለአለፉት አያከፋፍልም። ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው፤ «ተመርቀን ሥራ የለም። ጄን ስትሪት አማኑኤል ድረስ መጥቶ አይቀጥረንም። ያለን በር ይህ ብቻ ነው» ይላል። ችግሩ እውነት ነው፤ በዲግሪ ላይ ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ወንድሞችን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የበሩ ብቸኛ መሆን በሩን ሐላል አያደርገውም፤ አዋጭም አያደርገውም። ከቤተሰብ ለወር ወጪ የተላከ ብር ወደ ዲጂታል ገንዘብ ተቀይሮ በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ኪሳራው የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ጤፍ ሸጣ የላከችው እናትም ከስራለች።

ከሸሪዓ አንጻር የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ዑለማዎች ናቸው፤ እኔ ተማሪ ነኝ። ነገር ግን ልንጠይቃቸው የሚገቡንን ጥያቄዎች ማወቅ የእኛ ድርሻ ነው። ገንዘብን በገንዘብ ሲለውጡ ርክክቡ እዚያው በቦታው መፈጸም እንዳለበት በፊቅህ የታወቀ ነው። በደላላው ብድር እየተነገደ ኮሚሽኑም ለእርሱ የሚከፈልበትን የማርጂን ንግድ በተመለከተ የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በ1427 ሒጅሪያ መካ ላይ ባደረገው 18ኛ ስብሰባው እንደማይፈቀድ ወስኗል። «ኢስላሚክ አካውንት» የሚለው ስም የሌሊቱን ወለድ ቢያስቀርም ሌሎቹን ጥያቄዎች አይመልስም። በእጅ የሌለን ነገር መሸጥ፣ ከልክ ያለፈ ገረር፣ የአንዱ ማግኘት በሌላው ማጣት ላይ ብቻ የቆመበት መይሲር፤ እነዚህ እያንዳንዳቸው ሊጠየቁ ይገባል።

ባንኩና እውነተኛው ፕሮፕ ፈርምም ከጥያቄ አያመልጡም። የዋልስትሪት ፕሮፕ ፈርም በቦንድና በኦፕሽን ይነግዳል። የአገራችንም አዲሱ ገበያ አክሲዮን ብቻ አይደለም፤ ወለድ ያለው የግምጃ ቤት ሰነድም አለበት። ስለዚህ «ኢንቨስትመንት ባንክ ተቀጠርኩ» የሚል ወንድም ወይም እህት የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ መጠየቅ አለባቸው። አክሲዮን ማለት በትርፍና በኪሳራ መጋራት ነው፤ ድርጅቱ የሚሠራው ሐላል ከሆነ በሩ ሰፊ ነው። የወለድ ውል ማርቀቅና መመስከር ግን ሌላ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉን። እነርሱም ነገ የአክሲዮን ገበያና የሱኩክ ነገር ሲመጣ ሒሳብም ፊቅህም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። መድረሳም መንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን ልጆች ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ ቅርብ ነን።

ንግድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሞች ለረጅም ዘመን ከርስት መሬት ተገልለው ስለኖሩ ኑሯቸው ንግድና የእጅ ሥራ ሆነ፤ በአንዳንድ ቦታ «ነጋዴ» ማለት ራሱ ሙስሊም ማለት እስኪሆን ድረስ። የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። በአያቶቻችን የንግድ ችሎታ ልንኮራ ይገባናል። ነገር ግን ያ ገበያ ሰውም የሚሸጥበት ገበያ ነበር፤ ትርፉ መብዛቱ ንጹሕ አላደረገውም። የአንድ ሥራ ክፍያ ስለ ሥራው ንጽሕና ምንም እንደማይነግረን ከራሳችን ታሪክ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

በራስ ገንዘብ መነገድ ክብደቱንም እናውቃለን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም አብረው ነደዋል። ለዓመታት የተለቀመ ሀብት በአንድ ቀን ሲጠፋ ኪሳራውን በትከሻቸው የተሸከሙት ባለ ሱቆቹ ነበሩ። ነጋዴ ማለት ይህን የሚሸከም ሰው ነው። ስለዚህም ነው ትርፉ የሚገባው። በሰው ክፍያ ላይ ተቀምጦ፣ ኪሳራን ሁሉ ለተማሪ ገፍቶ ራሱን «ትሬዲንግ ቤት» የሚል ድርጅት ግን የነጋዴ ስም አይገባውም።

ለጀማዓችን ሦስት ሐሳቦች አሉኝ። አንደኛ፣ ማንም ወንድም ወይም እህት ለእንዲህ ዓይነት ፈተና ከመክፈሉ በፊት ውሉን አትሞ ወደ ደርስ ያምጣ፤ ፊቅህ የሚያስተምሩን ኡስታዝና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችን በአንድ ላይ ተቀምጠው መስመር በመስመር ያንብቡልን። ሁለተኛ፣ ስለ ካፒታል ገበያ የጥናት ቡድን እናቋቁም፤ አዋጅ ቁጥር 1248/2013ን፣ የተመዘገቡ ድርጅቶችን የሒሳብ መግለጫና የሙዷረባን ምዕራፍ ጎን ለጎን እናንብብ። ሦስተኛ፣ ለፈተና የምንከፍለውን ብር አምስት ስድስት ሆነን ብናዋጣው አንድ ነገር ይሠራል። ክረምት ላይ ቤተሰቡ ጋ የሚሄድ አንድ የታመነ ጓደኛ በጤፍ ወይም በማር ይነግድበት፤ የትርፍ ድርሻው አስቀድሞ ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርም። ትርፉ ትንሽ ነው። ብንከስርም የከሰርነው ምን ላይ እንደሆነ እናውቃለን፤ በእጃችን የዳሰስነው ጤፍ ነውና።

ከዚህ በኋላ ዶርም ውስጥ «የትኛው ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ሌላ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ገንዘቡ የማን ነው፣ ቢጠፋ የሚከስረው ማን ነው፣ የሚሸጠውስ ነገር ምንድን ነው? እነዚህን ሦስቱን በአደባባይ መመለስ የሚችል ሥራ፣ ባንክም ይሁን ፕሮፕ ፈርም ወይም አማኑኤል ያለ የእህል መጋዘን፣ ደመወዙን ልንነጋገርበት እንችላለን።

አሏህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በጥቂቱም በረካውን ይስጠን። ወሏሁ አዕለም።